አራት ሆነው የተፈተኑበት ዓመት

አርሲ፣ ሳጉሬ ፊዚክስ እንዳስተምር ተመድቤ ስመጣ የመጀመሪያውን ሳምንት ያሳለፍኩት ብርድ ልብስ ስፈልግ ነው። ከሸዋ ቆላማው ወገን ነው የመጣሁት፤ ደጋን በካርታ እንጂ በአጥንቴ አላውቀውም ነበር። የምከራየውን ቤት ያገኙልኝ የትምህርት ቤቱ አንጋፋ የሒሳብ መምህር ናቸው። እሳቸውም በወጣትነታቸው ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድበው መጥተው፣ እዚያው አግብተው፣ ወልደው፣ ቤት ሠርተው የቀሩ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ብርዱን ከለመድሽው ሌላው ቀላል ነው» አሉኝ። የመጀመሪያውን ፋሲካ የዋልኩት እሳቸው ቤት ነው። ታምሜ ስተኛ ባለቤታቸው አጥሚት ይዘውልኝ መጥተዋል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የምለው ነገር ከጥላቻ የመጣ እንዳይመስል ነው። ጠልቻቸው ቢሆን ኖሮ እኮ ይቀለኝ ነበር።

የተሰጠኝ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበር። ልጆቹ እስከ ስምንተኛ በኦሮምኛ ተምረው ዘጠነኛ ላይ ድንገት ሁሉ ነገር እንግሊዝኛ የሆነባቸው ናቸው። እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፣ በአማርኛ አብራራለሁ፤ ኦሮምኛዬ ገበያ ወጥቶ ድንች ለመግዛት ብቻ የሚበቃ ነበር። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን አንዲት ነጥብ ሳያስቀሩ ይገለብጣሉ። «ገባችሁ?» ስላቸው በአንድ ድምፅ «ገብቶናል ቲቸር!» ይላሉ። ፈተና ሳርም ነው ጉዱ የሚወጣው። ቀመሩን እንደ ዳዊት ይደግሙታል፤ ቁጥሩን ቀይሬ ስጠይቅ ግን ያው የደብተሩን መልስ ይጽፉልኛል። ወረቀቱን እመልሳለሁ፣ ነጥባቸውን ያያሉ፣ አጥፈው ኪሳቸው ይከቱታል፤ በቃ። የሳቱትን ለምን እንደሳቱ የሚጠይቅ አልነበረም።

በክረምት አሰላ ላይ ለሳይንስ መምህራን ሥልጠና ተሰጠን። አብዛኛው ሥልጠና እንደ ወትሮው የሚያስተኛ ነበር፤ አንዲት አሠልጣኝ ግን ያነሳችው ነገር ልቤን ያዘው። «ተማሪ ስለ አንድ ጥያቄ ከልቡ የሚያስበው ፈተና ላይ ሲቀመጥ ነው» አለች። «እኛ ግን ልክ ሐሳቡ ሲሞቅ ወረቀቱን ነጥቀን እናባርረዋለን።» እሷ የምታደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሁሉም ለየብቻው ይፈተናል፤ ወረቀቱ ይሰበሰባል። ከዚያ እዚያው ሳይነሱ አራት አራት ሆነው ያንኑ ጥያቄ እንደገና ይሠራሉ። ለአራቱ የሚሰጠው አንድ ወረቀት ነው፤ ተከራክረው፣ ተስማምተው፣ ምክንያቱን ጽፈው ያስረክባሉ። ነጥቡ በብዛት የሚያዘው ከግሉ ነው፤ ከቡድኑ የሚጨመረው ጥቂት ነው።

መስከረም ላይ ይህንኑ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሳወራ ሳቁብኝ። «አንድ ለአምስት ተመልሶ መጣ በሉኛ!» አለ አንዱ። ድሮ ልጆቹን አምስት አምስት አድርገው በአንድ ጎበዝ ሥር ያደራጇቸው ነበር፤ ሪፖርቱ ይሞላል፣ ትምህርቱ የለም። የሒሳቡ መምህርም አብረው ሳቁ፣ ግን ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ሞክሪው ልጄ፣ ወጣት ነሽ» አሉኝ። እንደ ምርቃት ወሰድኩት።

ለአዲሶቹ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች በሰጠሁት የመጀመሪያ ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ ነበረች። ፈረስ ጋሪ ሲጎትት፣ ፈረሱ ጋሪውን የሚስብበት ኃይል ይበልጣል ወይስ ጋሪው ፈረሱን ወደ ኋላ የሚስብበት? መልሱ እኩል ነው። ለብቻቸው ሲሠሩ ክፍሉ ሁሉ ማለት ይቻላል ፈረሱን መርጧል። አራት አራት ሆነው ሲቀመጡ መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ፈተና ላይ ማውራት እንደ ስርቆት ነውና አፋቸውን የሚከፍቱት እኔን እያዩ ነበር። ከዚያ አንዱ ጥግ ላይ ክርክሩ ፈነዳ። ያቀጣጠለችው አንዲት ከከተማው ውጪ ካለ ቀበሌ የመጣች ልጅ ናት። ከሁለት የአገሯ ልጆች ጋር ጠባብ ክፍል ተከራይታ ነው የምትማረው፤ እሑድ እሑድ ቤተሰቧ ጋ ሄዳ የሳምንቱን በሶና ጭኮ ተሸክማ ትመለሳለች። ከዚያ ቀን በፊት ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም። አሁን ግን እጇን እያወናጨፈች፣ «ማሊፍ? ማሊፍ?» ትላለች። ለምን ማለቷ ነው። አጠገቧ ያለው ልጅ ወደ አማርኛ እየመለሰ ጮኸልኝ፣ «ቲቸር፣ እኩል ከሆነ ለምን ይሄዳል? ቆሞ አይቀርም?»

እኔ መመለስ የለብኝም፤ ሕጉ ነው። ምላሴን ነክሼ ቆምኩ። እሷ ጥቂት አሰበችና በኦሮምኛ አንድ ነገር አለች፤ እግሯንም ወለሉ ላይ ደጋግማ ረገጠች። ልጁ እየሳቀ ተረጎመልኝ፣ «ፈረሱ የሚሄደው መሬቱን ስለሚገፋ ነው ትላለች። ጭቃ ላይ ጋሪውም አይንቀሳቀስም፣ እግሩ ይንሸራተታል፣ አላያችሁም ወይ ትላለች።»

እውነቴን ነው የምለው፣ በማስተማር ዘመኔ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ደወል ተደውሎ እንኳ አልወጡም። በር ላይ ሆነው፣ ግቢው ውስጥ፣ ጋሪ ተራ ድረስ እየተከራከሩ ሄዱ። ከወራት በኋላ ያንኑ ጥያቄ መልኩን ቀይሬ፣ ጋሪውን በተጎታች ተክቼ፣ ለየብቻቸው ጠየቅኋቸው። መስከረም ላይ የሳቱት ልጆች ብቻቸውን መለሱት፤ ምክንያቱን ጭምር። ከጎኔ ባለው ክፍል የምታስተምረው የባዮሎጂ መምህርት ይህን አይታ እሷም በክፍሏ ጀመረች።

የሒሳቡ መምህር የመጨረሻ ልጅ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ ሲወጣ የኖረ ልጅ ነው። ሕክምና ማጥናት ይፈልጋል፤ ወይም ሕክምና ማጥናት እንዳለበት ተነግሮታል። ጨዋ፣ ንጹሕ፣ ሲጠሩት ተነሥቶ የሚመልስ። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ቡድኖቹን ስቀላቅል እሱንና ያቺን ልጅ ከሁለት ዝምተኞች ጋር አንድ ላይ አስቀመጥኳቸው። በዚያን ጊዜ በፊዚክስ ብቻ ሳይሆን በሌላውም እየደረሰችበት ነበር። የማስረዳት ጥም በሁለቱም ላይ አይቻለሁ ብዬ አምኜ ነበር። አብረው ቢቀመጡ እንደ ቢላ ይሳሳላሉ አልኩ።

ፈተናው ላይ ስለ ድንጋይ ጠየቅሁ። ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ጫፍ ላይ ደርሶ ለቅጽበት ቀጥ ሲል፣ በዚያች ቅጽበት መሬት እየሳበችው ነው ወይስ አይደለም? ብዙ ሰው ድንጋዩ ስለቆመ ኃይሉም የቆመ ይመስለዋል። መሬት ግን አንድም ጊዜ አትለቀውም፤ ብትለቀው እዚያው ተንጠልጥሎ በቀረ ነበር።

የቡድኑ ዙር ላይ ወደ እነሱ ስጠጋ ልጁ እያስረዳ ነበር። ድንጋይ ሥሎ፣ ቀስት ሥሎ፣ ጫፉ ላይ ትልቅ ዜሮ ጽፏል። በኦሮምኛ ስለሆነ ግማሹን ነው የተረዳሁት። ልጅቷ ሁለት ጊዜ «ማሊፍ?» አለች። እሱ ረጋ ብሎ መለሰላት፤ እኔንም በእጁ አመለከተ። በመጨረሻ እሷ ራሷን ነቀነቀችና እስክሪብቶውን ወደ ወረቀቱ ወሰደች። ኃይል የለም ብለው ጻፉ። እኔ ደግሞ ሞኟ፣ ደስ አለኝ። አንደኛ የሚወጣውም ልጅ ይሳሳታል፤ መሳሳትን በአደባባይ ይማራል አልኩ በልቤ።

ወረቀቱን የመለስኩ ዕለት ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የሰጠሁት፤ የግሉንም የቡድኑንም። አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ልጅቷ የራሷን አየች፤ በግሏ በትክክል መልሳለች። የቡድኑን አየች፤ ተሳስቷል። ከዚያ ዓይኗ ወደ እሱ ወረቀት ሄደ። እሱም በግሉ በትክክል መልሶ ነበር። ሦስት መስመር ምክንያት ጽፎ፣ አስምሮበት።

ብድግ አለች። «ነ ሶብዴ!» አለች። ዋሸኸኝ ማለት ነው። ውጪ ትራክተር በመንገዱ ሲያልፍ መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ ይሰማ ነበር።

«ሐሳቤን ቀይሬ ነው» አለ ልጁ በአማርኛ፣ እኔን እያየ።

«ቲቸር ራሳቸው ነግረውኛል ብለኸኛል!» አለች እሷ። ያን ጊዜ ነው በእጁ ለምን እንዳመለከተኝ የገባኝ።

ክፍሉ ሲወጣ አስቀረሁት። ይክዳል ብዬ ነበር፤ አልካደም። እንደ ትልቅ ሰው እጁን አጣምሮ ቆሞ፣ «ቲቸር፣ ቅር አይበልዎት» አለኝ። «እርስዎ እንድንማር ነው የሚፈልጉት። ቦታ የሚሰጡን ግን እርስዎ አይደሉም።»

«ምን ቦታ?»

«ሕክምና የሚገባው ስንት ሰው ነው? የማውቀውን ሁሉ ለሷ ከሰጠኋት እኔ ምን ይቀረኛል?»

«እሷም እኮ የምታውቀውን ሰጥታሃለች። የጋሪውን ነገር ለክፍሉ ያስረዳው ማን ነው?»

«እሱማ እሷ ስላላወቀችበት ነው» አለ። ይህን ያለው በክፋት አልነበረም። ያዘነላት ነበር የሚመስለው።

ከትምህርት በኋላ የሒሳቡ መምህር ቤት ሄድኩ። ባለቤታቸው ሻይ አቀረቡልኝ። የሚያውቁኝ ሰው ናቸው፤ በዚያ ቤት የምቀመጥበት ወንበር እንኳ የታወቀ ነበር። «ጋሼ፣ ልጅዎ ጓደኞቹን ሆን ብሎ አሳስቷል» አልኳቸው።

«ነግሮኛል።»

«እና?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺ ልጆቹን እኩል ልታደርጊያቸው ትፈልጊያለሽ። ላንቺ መልካም ነው። ከዚህ ወረዳ ሕክምና የሚገባው ግን አንድ ነው፤ ቢበዛ ሁለት። ያችን ልጅ እኔ ጠልቻት አይደለም። ጎበዝ ናት። ጎበዝ በመሆኗ ነው።»

«ጋሼ፣ የገበሬ ልጅ ናት፤ ክፍሏ ውስጥ መብራት እንኳ የላትም።»

«የኔም አባት ገበሬ ነበር። ለኔ ማን ቡድን ሰጠኝ?» ድምፃቸው ያን ጊዜ ነው ከፍ ያለው። «ወጣት ሆኜ እዚህ ስመጣ ማስታወሻዬን ለባልደረባ ሳካፍል ኖርኩ። ለትምህርት ዕድል የሚላክ አንድ ሰው ሲመረጥ በኔ ማስታወሻ ያጠናው ሄደ። እኔ ይኸው ቾክ ይዤ ቀረሁ። ልጄን ሞኝ አድርጌ አላሳድገውም። ሻይሽን ጠጪ፣ በረደ።»

ጠጣሁት። ለምን እንደጠጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት አጥሚቱን አስቤ ይሆናል።

በሳምንቱ ርዕሰ መምህሩ አስጠሩኝ። «መምህርት፣ የወላጅ ቅሬታ ቀርቦብዎታል» አሉ። ተማሪዎች ፈተና ላይ እንዲነጋገሩ ይደረጋል፣ ነጥብ ይታደላል፣ የጎበዝ ልጆች ውጤት ለሰነፍ ይከፋፈላል የሚል ነው።

«የትኛው ወላጅ ነው?»

«ወላጅ ነዋ እንግዲህ» አሉ፣ ወደ መስኮቱ ዞረው።

ከዚያ የሳይንስና የሒሳብ መምህራን ተሰብስበን ነገሩ ለውይይት ቀረበ። ያመጣሁትን የፈተና ወረቀት ዘረጋሁ፤ መስከረም ላይ ምን ጽፈው እንደነበር፣ አሁን ምን እንደሚጽፉ አሳየሁ። ማንም አላነሣውም። የሒሳቡ መምህር በትህትና፣ ስሜን በክብር እየጠሩ፣ «የልጅቷን ትጋት ሁላችንም እናደንቃለን፤ ብሔራዊ ፈተናው ግን በቡድን አይደለም የሚሰጠው» አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የባዮሎጂዋን መምህርት አየኋት፤ በክፍሏ ስትሠራበት እንደነበረ፣ እንደተጠቀመችበት በአፏ የነገረችኝ ሴት ናት። ጥፍሯን እያየች ነበር። የቡድን ፈተና እንዲቀር ተወሰነ። ድምፅ አልተሰጠም፤ ዝም ተባለ፣ ዝምታው ተመዘገበ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ሌላ ነው። ከስብሰባው ሁለት ቀን በፊት ልጅቷ መጥታ፣ «ቲቸር፣ ብቻዬን ልፈተን» ብላኝ ነበር። ሌላ ቡድን እንደምሰጣት ነገርኳት። «አይ፣ ብቻዬን» አለች። አማርኛዋ አጭር ነው፤ እንደ ሌላው ጊዜ ቃል እየፈለገች አልተንተባተበችም። ውሳኔው ሲመጣ እንግዲህ የሷ ፍላጎት ለሁሉም ተሟላ። ከዚያ ወዲህ ስትፈተን ግራ ክንዷን እንደ አጥር ወረቀቷ ዙሪያ አጥፋ ትጽፋለች። ክፍል ውስጥ ጥያቄ ስጠይቅ መልሱን እንደምታውቅ ከዓይኗ አነባለሁ፤ እጇን አታወጣም። እኔ በአንድ ዓመት ያላስተማርኳትን ትምህርት ያ ልጅ በአንድ ጥያቄ አስተምሯታል።

በቀጣዩ ዓመት አሥራ ሁለተኛን ይዣቸው አለፍኩ። የፊዚክስ ክፍለ ጊዜዬ ጸጥ ያለ ሆነ። ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አይተው «አሁን ክፍል መሰለ» አሉኝ። ልጆቹ እንደገና ሰሌዳውን ይገለብጣሉ፣ «ገብቶናል ቲቸር» ይላሉ። የብሔራዊ ፈተናው ጊዜ ሲደርስ ፍራሻቸውንና ብርድ ልብሳቸውን ይዘው በአውቶቡስ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተወሰዱ። እናቶች አስፋልቱ ዳር ቆመው ያለቅሱ ነበር። ልጅቷን የሸኛት ሰው አልነበረም፤ ወቅቱ የእርሻ ነው። መስኮት ጋ ተቀምጣ አየኋት፣ እጄን አነሣሁ፣ እሷም አነሣች።

ውጤት ሲመጣ እንደ ብዙው ትምህርት ቤት የኛም ጥቂት ነው ያለፈው። ልጁ አለፈ፤ በከፍተኛ ነጥብ። እሷን ሪሜዲያል የሚሉት የአንድ ዓመት ማካካሻ ውስጥ የሚያስገባው ነጥብ እንኳ ጥቂት ጎደላት። የቡድን ፈተናው ቢቀጥል ታልፍ ነበር አልልም። አላውቅም። እንግሊዝኛው ይሆናል የጣላት፣ መብራት ማጣቱ ይሆናል። የማውቀው፣ ጭቃውንና ፈረሱን ያሰበች ልጅ ያን ዓይነት ሐሳብ ከዚያ በኋላ ለማንም አውጥታ አለመናገሯን ነው።

በግቢው ድንኳን ተተከለ። ልጁ ላፕቶፕ ተሸለመ፣ የወረዳው ሰዎች ጨበጡት። ርዕሰ መምህሩ ማይክሮፎን ይዘው፣ «ይህ የቡድን ሥራ ውጤት ነው!» አሉ። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ። ልጁ ከመድረክ ወርዶ ወደኔ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ። «ቲቸር፣ ያቺ የድንጋይ ጥያቄ የምትመስል መጥታ ነበር» አለኝ። «ወዲያው ነው የመለስኳት። እግዜር ይስጥልኝ።» ፊቱ በእውነት ያመሰገነ ሰው ፊት ነበር። አባትየው ከኋላው ቆመው ዓይናቸው ዕንባ አቅርሯል። እንኳን ደስ አለዎት አልኳቸው። እቅፍ አድርገው ሳሙኝ።

አሁንም እዚያው ነው የማስተምረው። ጠዋት ጠዋት ከሒሳቡ መምህር ጋር እንደ ድሮው ሰላም እንባባላለን፤ ቤታቸው ግን ለበዓል ሲጠሩኝ ምክንያት እፈጥራለሁ። የባዮሎጂዋ መምህርት ተዛውራ ሄዳለች።

ልጅቷን ያገኘኋት ባለፈው ለደመወዝ ጉዳይ አሰላ የወረድኩ ቀን ነው። መናኸሪያው አካባቢ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ቆማ አየኋት። ተቀጥራ ነው። ስታየኝ ወጥታ ሳመችኝ፤ አማርኛዋ ተሻሽሏል፣ ቀጥናለች። በግል ተመዝግባ እንደገና ልትፈተን እንደምታጠና ነገረችኝ።

«ከሳጉሬም እንዳንቺ በግል የሚፈተኑ ሁለት ሴት ልጆች አሉ» አልኳት። «ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ቤት ላሰባስባችሁ። እያስረዳችሁ፣ እየተከራከራችሁ ብታጠኑ ይገባችኋል። የመሳፈሪያሽን አታስቢ።»

ልታስቀይመኝ እንዳልፈለገች አውቃለሁ፤ በትልቅ ትህትና ነው የመለሰችልኝ። «እግዜር ይስጥልኝ ቲቸር። ብቻዬን ይሻለኛል።»

«ለምን?»

«የማውቀው የኔ ብቻ እንዲሆን ነው» አለች።

ደንበኛ መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ መጣ። ይቅርታ ጠይቃኝ ወደ ማሽኑ ተመለሰች። ተሳስተሻል ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ካየችው ሁሉ ውስጥ መሳሳቷን የሚያሳይ አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ሥራዋን እስክትጨርስ ጥቂት ቆምኩ። ሌላ ደንበኛ ገባ፣ ከኋላው ሌላ። በእጄ ቻው ብያት የሳጉሬ ሚኒባስ የሚሞላበት ጋ ሄድኩ። ረዳቱ ከኋላ ወንበር አራተኛ ሰው አድርጎ ጠቀጠቀኝ፤ ማንም ከማንም ጋር ሳያወራ ደረስን።